ለቻርጀሩ ኔትወርክ ማን አሰበለት?

ወላይታ ሶዶ በአገሪቱ የኤሌክትሪክ ካርታ ላይ ትልቅ መገናኛ ናት። በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባውና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ኃይሉን ወደ ሶዶ የሚያመጣ መስመር ተዘርግቶለት ነበር። ወደ ኬንያ የሚሻገረው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ ይደርሳል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ኃይል እያሻገረ ነው።

እንዲህ ባለ አካባቢ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ለማቆም የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ኃይል ነው። ትራንስፎርመሩ ይበቃል? መብራት በቀን ስንት ጊዜ ይጠፋል? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ትልቁ መስመር በደጅ ስላለፈ ብቻ ለጣቢያው የሚፈይደው ነገር የለምና። ማሽኑ ከሚቆጣጠረው ማዕከል ጋር በምን ይገናኛል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ኮንክሪቱ ከደረቀ፣ ማሽኑም ከተተከለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መልሱ ውድ ይሆናል።

ነገሩ የሩቅ ሐሳብ አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ከአዲስ አበባ አልፎ በክፍለ ሀገር መንገዶችም መታየት ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአንድ ጊዜ 16 መኪና የሚያስተናግድ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ሲከፍት ክፍያው በቴሌብር ሆነ። የኔትወርኩም፣ የክፍያውም፣ የጣቢያውም ባለቤት አንድ ሲሆን ብዙው ችግር ገና ከመነሻው ይቃለላል። ተበላ ላይ በግሉ ሁለት ማሽን ሊተክል ያሰበ ነጋዴ ግን ይህ ዕድል የለውም።

ተበላ የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ አባያ ሐይቅ ሜዳ ይወርዳል። ሲወርድ መኪናው ባትሪውን ጥቂት ይሞላል፤ ሲመለስ ግን ዳገቱ የተረፈውን ይበላዋል። ከአርባ ምንጭ የሚመጣ ሹፌር ሶዶ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ልሙላ ቢል ተበላ ጥሩ ማረፊያ ትሆነዋለች። ችግሩ ሹፌሩ ቆሞ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ስልኩን አውጥቶ ማሽኑ «ግንኙነት የለም» ሲለው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ንግግሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በመኪናውና በማሽኑ መካከል የሚደረገው ነው። መኪናው ምን ያህል ኃይል እንደሚቀበል ለማሽኑ የሚነግረው በራሱ በቻርጅ ገመዱ በኩል ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከቻይና የሚመጡት መኪኖች የሚጠቀሙበት የጂቢ/ቲ ሶኬትም ለዚህ የተመደበ የራሱ ሽቦ አለው። ሁለተኛው ንግግር በማሽኑና ሩቅ ባለው ሰርቨር መካከል ያለው ነው። ይህ ደንበኛ ከፍሏል ወይ? ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ወሰደ? ማሽኑ ደህና ነው? ገመድ አልባ ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሁለተኛው ንግግር ቋንቋ በአብዛኛው ዓለም አንድ ነው፤ ኦሲፒፒ ይባላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ የተጀመረ ለማንም ክፍት የሆነ ስምምነት ሲሆን፣ ዛሬም በብዙ ማሽኖች ላይ የሚገኘው 1.6 የተባለው ዕትም በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ። ማሽኑ ሲነሣ «ተነሥቻለሁ» ይላል፤ በየተወሰነ ጊዜ «አለሁ» ይላል፤ ደንበኛ ሲመጣ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኃይል ሲሰጥ ቆጣሪው ያነበበውን ይልካል፤ ሲጨርስ ሒሳቡን ይዘጋል። መልእክቶቹ እጅግ አጫጭር ናቸው። ማሽኑ የቆጣሪውን ንባብ በየደቂቃው ቢልክ እንኳ የአንድ ሰዓት አገልግሎት ጠቅላላ መልእክት በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ያንሳል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙዎችን ያስገርማል፤ ቻርጀር ፈጣን ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የማይቆራረጥ ኔትወርክ ነው። «እዚህ 4ጂ አለ» ተብሎ የሚመረጥ ቦታ፣ ምልክቱ ሲመጣና ሲሄድ የሚውል ከሆነ፣ ደካማ ግን ጽኑ ኔትወርክ ካለበት ቦታ ይከፋል። ፍጥነት የሚጠይቁት በማሽኑ ዙሪያ የሚጨመሩት ነገሮች ናቸው፤ የጥበቃ ካሜራ፣ የማስታወቂያ ስክሪን፣ ለደንበኞች የሚለቀቅ ዋይፋይ። እነዚህ በማሽኑ ሲም ካርድ ላይ እንዲንጠለጠሉ መፍቀድ ትልቅ ስሕተት ነው። ካሜራው ዳታውን ሲጨርሰው ክፍያ ይቆማል።

ቦታ ሲመረጥ ስልክ አውጥቶ የኔትወርክ ምልክቱን ዘንጎች መቁጠር ብቻውን አይበቃም። የምልክቱ ጉልበት በዲቢኤም ይለካል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። በ4ጂ ከኔጋቲቭ 90 ይልቅ ወደ ዜሮ የቀረበ፣ ለምሳሌ ኔጋቲቭ 85፣ ደህና ነው፤ ኔጋቲቭ 110 አካባቢ ሲደርስ ግን ያሰጋል። ልኬቱ ማሽኑ በሚቆምበት ልክ ቦታ ላይ መወሰድ አለበት። ማሽኑን ከኔትወርኩ የሚያገናኘው ሞደም ብረት ሳጥን ውስጥ ስለሚገባ ልኬቱን በእጅ ባለ ስልክ ብቻ ማመን አያዋጣም፤ ስለዚህ አንቴናው ከሳጥኑ ውጭ፣ ከፍ ብሎ እንዲተከል መታሰብ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ቻርጀር በሕንፃ ምድር ቤት የሚተክሉ ሰዎች ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ይማሩታል፤ ኮንክሪቱ ምልክቱን ይውጠዋል። ሶዶና ዙሪያዋ ላይ ደግሞ ዳሞታና ኮረብቶቹ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ከኔትወርኩ ማማ በኮረብታ የተከለለ ቦታ ጥላ ውስጥ ይወድቃል።

ልኬቱ የሚወሰድበት ጊዜም ዋጋ አለው። ማክሰኞ ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ የተለካ ኔትወርክ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው፤ ማማው አንድ፣ ስልኩ ብዙ ይሆናል። የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓሉን ጊፋታን ለማክበር በመስከረም ወር ከየአቅጣጫው ወደ ቤቱ ሲጎርፍ መኪናም ስልክም አብሮ ይመጣል። ቻርጅ የሚፈልገው ሰው የሚበዛበትና ኔትወርኩ የሚጨናነቅበት ቀን አንድ ነው ማለት ነው። ዕቅድ የሚሠራውም ለዚያ ቀን ነው።

ሳፋሪኮም በመስከረም መጨረሻ 2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ አገሪቱ ሁለት ኦፕሬተር አላት። በቦታው ሁለቱም በደንብ የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ሲም የሚቀበልና አንዱ ሲጠፋ ራሱ ወደ ሌላው የሚዞር ሞደም መግዛት ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው። ሌላው ትንሽ የምትመስል ጉዳይ ዝም ያለ ግንኙነት ነው። የሞባይል ኔትወርክ ለተወሰነ ጊዜ መልእክት ያላለፈበትን መስመር ሳያሳውቅ ይዘጋዋል፤ ሰርቨሩ ግን አሁንም እንደተገናኘ ያስባል። ሹፌሩ በስልኩ «ጀምር» ሲል ትዕዛዙ የትም አይደርስም። መፍትሔው ማሽኑ «አለሁ» የሚልበትን የጊዜ ልዩነት ከኔትወርኩ ጠባይ ጋር ማስማማት ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ማሽኑም ሞደሙም አብረው ይሞታሉ። ማዕከል ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ የሚያየው ጸጥታ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሁን፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ይሁን፣ መብራት ሄዶ ይሁን አያውቅም። ባለሙያ ከሶዶ መኪና አስነሥቶ ይልካል፤ ባለሙያው ሲደርስ መብራቱ መጥቶ ይጠብቀዋል። ሞደሙን ለጥቂት ሰዓት የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ኔትወርክ የሚጠፋበት ሰዓት ይኖራል። ዋናው ጥያቄ ማሽኑ ያን ጊዜ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ኦሲፒፒ ለዚህ ቦታ ትቶለታል፤ ማሽኑ የታወቁ ደንበኞችን ዝርዝር በራሱ ውስጥ ይዞ በካርዳቸው ሊያስተናግዳቸው፣ ሒሳቡን አስቀምጦ ኔትወርክ ሲመለስ ሊልክ ይችላል። ነገር ግን ሁሉም አምራች ይህን በእኩል ደረጃ አልሠራውም፤ ቢሠራውም ማሽኑ ሲመጣ አገልግሎቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተበላም ሆነ ሶዶ፣ ቦዲቲም ሆነ አረካ ላይ ጣቢያ የሚያስብ ባለሀብት ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩን ሲሙን አውጥቶ እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ ማሽኑ ያለ ኔትወርክ አንድ መኪና ሞልቶ ሒሳቡን መያዙን በዓይኑ ይይ። ሻጩ ይህን ማሳየት ካልቻለ ማሽኑ ለወላይታ መንገድ አልተሠራምና ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል።