ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ

ከድሬዳዋ ዙሪያ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማ የሚወርድ ገበሬ፣ ያመጣውን ቀፊራ ሸጦ ለቤቱ አምፖልና ሽቦ ሊገዛ ታይዋን ጎራ ይላል። ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። «ስንት ይበላል?» የሚል ጥቂት ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊያስቡበት የሚገባው ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

መንግሥት ቁጠባን በነጻ አምፖል ለማበረታታት ሞክሮ ነበር። የኃይል እጥረት በበረታበት በ2001 ዓ.ም. ገደማ መብራት ኃይል የድሮውን አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢ አምፖል ያለ ክፍያ አድሏል፤ በመጀመሪያው ዙር 350 ሺህ ያህል ተሰራጭቷል። በኋላ የተደረገ ጥናት የአንድ ደንበኛ ፍጆታ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት መቀነሱን፣ ሆኖም በ18 ወር ውስጥ ከቁጠባው 20 በመቶ ያህሉ መጥፋቱን አመልክቷል። በነጻ የተገኘ አምፖልም ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ገበያ መውጣት ግድ ነው።

ሌላው ማበረታቻ በታሪፉ ውስጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. ዋጋው ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀመውን ጭማሪው አልነካውም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ሲወሰንም፣ አነስተኛ ተጠቃሚው እንዲደጎም ተደርጓል።

ችግሩ ድጎማው የሚያውቀው ቆጣሪን እንጂ ቤትን አለመሆኑ ነው። የራሱ ቆጣሪ የሌለው ከጎረቤቱ መስመር ይቀጥላል። ሦስት ቤቶች በአንድ ቆጣሪ ላይ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በቀን አራት ሰዓት ቢያበሩ፣ ፍጆታቸው በወር 65 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። በዚህም ድሆቹ ጎረቤታሞች ወደ ቀጣዩ እርከን ይገባሉ። ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢጠቀሙ ግን ለሦስቱም ቤት 10 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለበት ቤት ሒሳቡ ሌላ ነው።

ስለዚህ የማኅበሩ መሪ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙትን ቤቶች መዝግቦ፣ ለየራሳቸው ቆጣሪ እንዲያመለክቱ ማስተባበር ይኖርበታል። እስከዚያው አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሰው ታይዋን ቢልኩ ዋጋ ተከራክሮ፣ አምፖሉን ሱቁ ውስጥ አብርቶ አይቶ፣ ደረሰኝ ይዞ ይመለሳል። የዋቱ ቁጥር አምፖሉ ላይ ተጽፏል፤ ተማሪ ልጅ አስከትሎ መሄድ ይበቃል።