ቦይለር ለምን በቀዝቃዛ ውኃ ይፈተናል?

ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ጀምራችኋል። ዛሬ በቦይለር ላይ የተጻፈ ቁጥር ማንበብ እንዴት ሕይወት እንደሚያድን እንነጋገራለን።

ቦይለር ምንድን ነው? ውኃ እያፈላ እንፋሎት የሚያወጣ፣ ዙሪያው የታሸገ ወፍራም የብረት ጋን ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተቋቋመ። በእንዲህ ያለ ፋብሪካ ጨርቅ ለማቅለምና ለማድረቅ እንፋሎት ያስፈልጋል።

እንፋሎት ጉልበተኛ ነው። አንድ ሊትር ውኃ በክፍት ድስት ፈልቶ ሲያልቅ ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። መውጫ ካጣ ወዴት ይሄዳል? ዕቃውን ይገፋል። አረቄ የምታወጡ እናቶች ታውቁታላችሁ። ቱቦው ከተደፈነ እንፋሎቱ ልስኑን ፈንቅሎ ይወጣል። የቦይለር ብረት ግን ችሎ ችሎ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። በአሜሪካ፣ ብሮክተን በምትባል ከተማ፣ በ1905 እ.ኤ.አ. የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። በ1907 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ያለችበት ክፍለ ሀገር የቦይለር ሕግ አወጣ።

ፍተሻው እንዴት ነው? እሳት አይነድም። ቦይለሩ አየር እስከማይቀርበት ድረስ በቀዝቃዛ ውኃ ይሞላል። ከዚያ በፓምፕ ይገፋል። የሥራው ግፊት 10 ባር ከሆነ ብዙ ጊዜ እስከ 15 ባር ይደርሳል። መርማሪው መርፌው ወደ ታች መውረዱን፣ ብየዳው ማላቡን ያያል። በእንግሊዝ አገር በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ቦይለር እንኳ፣ አዲስ ሲሆን በሥራው ግፊት እጥፍ ይፈተናል። ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም።

ለምን በውኃ? ውኃ ቢገፉት እምብዛም አይጨመቅም። ስለዚህ ብረቱ ቢሰነጠቅ ውኃው ይንጠባጠባል፤ ግፊቱም ወዲያው ይወድቃል። የታመቀ አየር ወይም እንፋሎት ቢሆን ግን ብረቱን እንደ ጥይት ይበትነዋል።

አንድ ጊዜ መፈተን አይበቃም። ዝገት ብረቱን ከውስጥ ይበላል። ከውኃው የሚቀረው ነጭ ቅርፊትም ብረቱን ያስግላል። ከውጭ ቀለሙ ቢያምር አያታልላችሁ።

እንግዲህ በቦይለር አጠገብ የምትሠሩ ሦስት ነገር አንብቡ፦ መርፌው ያለበትን ቁጥር፣ ቀዩን መስመር፣ መጨረሻ የተፈተነበትን ቀን። መርፌው ቀዩን ካለፈ ወይም ቀኑ ከቆየ ለኃላፊው ንገሩ። ሴፍቲ ቫልቭ የሚባለውን መተንፈሻ ማንም እንዳያስረው፣ ክብደትም እንዳይጭንበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታውን ደህንነት እንዲጠብቅ፣ ሠራተኛውም ጉድለት ሲያይ እንዲያሳውቅ ያዛል። መናገር ግዴታችሁ ነው፤ ነገረኛ አያሰኝም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቦይለርም ሳይፈነዳ በፍተሻ ነው።

ጥያቄ፦
1. ቦይለር በአየር ሳይሆን በውኃ የሚፈተነው ለምንድን ነው?
2. የሥራው ግፊት 8 ባር ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ተኩሉ ስንት ባር ነው?