ውሻ ሲያመው ጩኸት አትጠብቁ

የልደታ የግቢ ውሻ ኮሽታ በሰማ ቁጥር ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል፤ የራሱን ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይችለዋል። ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮቹ የሚሠሩት እንደ እኛው ነው። ስለዚህ «አላለቀሰም፤ ደህና ነው» ማለት አያዋጣም።

የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት አጭር መመዘኛ ድምፅን ብቻ አይሰማም። ውሻው ቁስሉን ይልሳል ወይ? ሲነሳ ያነክሳል? ሲነካ ይሸሻል ወይስ ይናከሳል? አተኛኘቱና ጠባዩስ? ከ24 ነጥብ 6 ከሞላ ማስታገሻ ያስፈልገዋል። መመዘኛው የተዘጋጀው ለሐኪም ቤት ቢሆንም ጥያቄዎቹ ለቤትም ይሆናሉ። እንዲያውም ከማንም በላይ የሚመልሳቸው ውሻውን በየቀኑ የሚያበላው ዘበኛ ነው ባይ ነኝ፦ በር ሲከፈት ሮጦ ይመጣ የነበረው ዛሬ ተኝቶ ጭራውን ብቻ ከወዘወዘ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ለመውጣት ካመነታ፣ አንድ መገጣጠሚያውን ደጋግሞ ከላሰ፣ ያ ለውጥ ምልክት ነው።

በፋሲካ ማግስት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ከጾም በኋላ ጮማ ትርፍራፊ በአንድ ጊዜ ሲደፋለት ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል። ያስመልሰዋል፤ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት አስነክቶ ዳሌውን ወደ ላይ ያነሳል። ብዙዎች እየተንጠራራ ይመስላቸዋል፤ ሆዱን እያመመው ነው።

ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ድዱ ከነጣ፣ ወይም ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ ነገ አይባልም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ያልተከተበ ቡችላም ፓርቮ ይዞት ከሆነ በሁለት ሦስት ቀን ሊሞት ይችላል። ከቤት የተገኘ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡት፤ አይቡፕሮፌን ጨጓራውንና ኩላሊቱን፣ ፓራሲታሞል ጉበቱን ይጎዳል።

አንድ ምልክት ግን ጭራሽ ቀርበው የሚመረምሩት አይደለም። መንጋጋው ወድቆ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ሲታይ «አጥንት ወግቶት ነው» ተብሎ እጅ ወደ አፉ ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ ደግሞ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ውሻውን ሳትነኩ በር ዘግታችሁበት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ያረፈበት ሰው ቦታውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይጠብ፤ ውሻው እስኪሞት ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ክትባት ለመጀመር ጤና ጣቢያ ይሂድ።