«95» የተጻፈበት ሚሞሪ ካርድ 12.5 ለምን አቃተው?

ባለፈው ዓመት የእህቴን ሠርግ በቪዲዮ የመቅረጽ ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ። «ኢንጂነር አይደለህ እንዴ፣ ካሜራ ያቅትሃል?» ተባልኩ። ካሜራውን ከጓደኛዬ ተዋስኩ፣ ሚሞሪ ካርዱን ደግሞ ከቤት መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ፊቱ ላይ በትልቁ «95 ሜጋባይት በሰከንድ» ይላል። ፈጣን ነው ብዬ ሌላውን ምልክት ሁሉ ሳላየው ካሜራው ውስጥ ከተትኩት።

አያቴ ሙሽሮቹን ሊመርቁ ሲነሱ ቀረጻውን በፎርኬ ጥራት አስጀመርኩ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሄደና ስክሪኑ ላይ የካርዱ ፍጥነት አልበቃም የሚል መልእክት መጣ፤ ቀረጻው ቆመ። እንደገና አስጀመርኩት፣ እንደገና ቆመ። እስከዚያ አያቴ «አሜን» አስብለው ተቀምጠዋል። በማግስቱ እንዲደግሙልን ብንለምናቸው ሳቁብን። «ምርቃት እንደ ቡና ቶና የለውም» አሉ።

ማታ የካሜራውን መመሪያ አውጥቼ አነበብኩ። ያ የቪዲዮ ዓይነት የሚያመነጨው መረጃ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው። ልብ በሉ፣ ሜጋባይት ሳይሆን ሜጋቢት! ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሚሆን 100ን ለ8 ስናካፍል 12.5 ሜጋባይት በሰከንድ እናገኛለን። ታዲያ 95 እችላለሁ የሚል ካርድ 12.5 እንዴት ያቅተዋል?

ካርዱ ዋሽቶ አይደለም። 95 ካርዱ ላይ ያለውን ነገር ኮምፒውተር የሚያነብበት ፍጥነት ነው፤ ያውም ሁሉ ነገር ሲመቻች የሚደርስበት ጣሪያ። ካሜራ ግን ሲቀርጽ አያነብም፣ ይጽፋል። በፍላሽ ሚሞሪ ዓለም ደግሞ ማንበብና መጻፍ በጣም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፈጠሩት ፍላሽ ሚሞሪ መረጃ የሚያስቀምጠው ጥቃቅን ሴሎች ውስጥ ኤሌክትሮኖችን በማጥመድ ነው። ማንበብ ማለት ሴሉ ውስጥ ምን ያህል ኤሌክትሮን እንዳለ መፈተሽ ብቻ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። መጻፍ ግን በከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖቹን እየገፉ ማስገባት፣ በቂ መግባታቸውን ማየት፣ ካልበቃ እንደገና መግፋት ነው። ስለዚህ ከማንበብ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ ማጥፋቱ አለ። የክፍላችሁን ጥቁር ሰሌዳ አስቡት። በጠመኔ መስመር በመስመር ትጽፋላችሁ። ዳስተሩ ግን ጉደኛ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ማጥፋት አይችልም፣ ሲያጠፋ ሰሌዳውን በሙሉ ነው። አንዷን መስመር ብቻ ለማደስ ብትፈልጉ የሚፈለጉትን ሌሎች መስመሮች መጀመሪያ ወደ ሌላ ሰሌዳ መገልበጥ አለባችሁ። ፍላሽ ሚሞሪ ልክ እንደዚህ ነው የሚሠራው፦ የሚጻፈው በትንንሽ ገጽ ነው፣ የሚጠፋው ግን ብዙ ገጾችን በያዘ ብሎክ ነው።

የእኔ ካርድ ለዓመታት ፎቶ ሲጫንበትና ከመሃል ከመሃሉ ሲጠፋበት የኖረ ነበር። ቪዲዮው ሲጀምር ባዶ ሰሌዳዎች ስለነበሩት ደህና ሄደ። እነሱ ሲያልቁ በውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕ መገልበጥና ማጥፋት ውስጥ ገባ። የመጻፍ ፍጥነቱም ወረደ። ፎቶ ቢሆን ትንሽ መጠበቅ ነበር። ቪዲዮ ግን አይጠብቅም፤ ምርቃቱ እየተካሄደ ነው።

እንግዲህ ለካሜራ የሚያስፈልገው ጥያቄ «ቢበዛ ስንት ትሮጣለህ?» ሳይሆን «ቢብስብህ ከስንት አትወርድም?» የሚለው ነው። የፍጥነት ደረጃዎቹ የተሠሩት ለዚህ ጥያቄ ነው። ደረጃዎቹን የሚያወጣው ፓናሶኒክ፣ ሳንዲስክና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቋቋሙት የኤስዲ ማኅበር ሲሆን፣ ምልክቶቹ ካርዱ ላይ በደቃቁ የሚታተሙት ናቸው። ትልቁ ቁጥር ለሻጩ፣ ትንሹ ለእናንተ ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም።

የመጀመሪያው ምልክት በላቲኑ ሲ ፊደል የተከበበ ቁጥር ነው፤ 2፣ 4፣ 6 ወይም 10። ካርዱ ሲጽፍ በሰከንድ ከዚያ ሜጋባይት እንደማይወርድ ይናገራል። ካሜራዎች ሲያድጉ 10 አልበቃ አለና ሁለተኛ ምልክት መጣ፦ በዩ ፊደል ውስጥ የገባ 1 ወይም 3። እዚህ ቁጥሩን በአሥር ማባዛት አለባችሁ፤ ዩ1 ማለት 10፣ ዩ3 ማለት 30 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በተለይ ለቪዲዮ የታሰበው የቪ ደረጃ ተጨመረ፦ ቪ6፣ ቪ10፣ ቪ30፣ ቪ60 እና ቪ90። የዚህኛው ጥሩነቱ ቁጥሩ ራሱ ፍጥነቱ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሲ10፣ ዩ1 እና ቪ10 ሦስቱም ያው 10 ሜጋባይት ናቸው፤ አንዳንድ ካርድ ላይ ተደርድረው ስታዩዋቸው ሦስት የተለያዩ ማዕረጎች እንዳይመስሏችሁ። በእኔ አስተያየት ሁለቱን አሮጌዎች አንስተው ቪን ብቻ ቢተዉልን ግማሹ ግራ መጋባት ይቀር ነበር።

የእኔን ካርድ በስልኬ መብራት አየሁት። ከ95 በታች፣ ጥግ ላይ፣ ዩ ውስጥ 1 አለች። ማረጋገጫው 10፣ ቪዲዮው የሚፈልገው 12.5። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር።

ከ10 ቀጥሎ ያለው ደረጃ 30 ስለሆነ ለ100 ሜጋቢት ቪዲዮ ዩ3 ወይም ቪ30 ያስፈልጋል። የሶኒ ኤ7 ሦስተኛው ሞዴል ለዚህ ዓይነቱ ፎርኬ ዩ3 የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የፓናሶኒክ ጂኤች5 ደግሞ 400 ሜጋቢት የሚደርስ ቀረጻ አለው። ለ8 አካፍሉት፣ 50 ይመጣል፤ ስለዚህ ቪ60 ይጠይቃል። ስሌቱን አንዴ ከያዛችሁት የማንኛውንም ካሜራ ፍላጎት ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ምልክት የሮማውያን ቁጥር ነው፤ ብቻውን የቆመ አንድ ዘንግ ወይም ሁለት ዘንግ። ይህ የካርዱ የመጻፍ ደረጃ ሳይሆን በካርዱና በካሜራው መካከል ያለው መንገድ ስፋት ነው። ባለ አንድ ዘንጉ (ዩኤችኤስ አንድ) በሰከንድ እስከ 104 ሜጋባይት ያሳልፋል፣ ባለ ሁለት ዘንጉ እስከ 312። ባለ ሁለት ዘንጉን ካርድ ገልብጣችሁ ብታዩት ሁለተኛ ረድፍ የብረት ጥርሶች አሉት። ካሜራው እነዚያን ጥርሶች የሚነካ ነገር ከሌለው ካርዱ ይሠራል፣ ግን በጠባቡ መንገድ ነው። የጠቀስኩት ሶኒ ካሜራ ራሱ ሁለት የካርድ ማስገቢያ ቢኖረውም ሰፊውን መንገድ የሚያውቀው አንደኛው ብቻ ነው።

የመንገዱ ስፋት የሚታወቃችሁ ፎቶ በተከታታይ ስታነሱ ነው። አንድ ያልተጨመቀ ጥሬ ፎቶ 25 ሜጋባይት ነው እንበል። በሰከንድ 10 ብታነሱ 250 ሜጋባይት ይመጣል። ጠባቡ መንገድ ቢበዛ 104 ነው የሚያስወጣው። ቀሪው የት ይሄዳል? ካሜራው ውስጥ በፈር የሚባል ጊዜያዊ ማጠራቀሚያ አለ፤ ልክ ቤታችሁ እንዳለው ሮቶ። የሚገባው ውኃ ከሚወጣው ከበለጠ ሮቶው ይሞላል። በፈሩ ሲሞላ ካሜራው «ቆይ» ይላል፤ ልክ ኳሷ መረብ ልትነካ ስትል። ሰፊ መንገድና ፈጣን ካርድ ሮቶውን ቶሎ ያጎድሉታል፣ እናንተም ሳትቆሙ ታነሳላችሁ።

ካርድ ላይ «633 ኤክስ» የሚል ካያችሁ ደግሞ የሲዲ ዘመን ቅርስ ነው። አንድ ኤክስ ማለት የመጀመሪያዎቹ ሲዲ ማንበቢያዎች ፍጥነት፣ 150 ኪሎባይት በሰከንድ ነው። 633ን በ150 አባዙት፦ ወደ 95 ሜጋባይት ይጠጋል። ያው የእኔ ካርድ 95፣ ትልቅ እንዲመስል በሌላ ልብስ የመጣ። ኤ1 እና ኤ2 የሚሉት ስልክ ላይ አፕሊኬሽን ለሚጭኑ ናቸው፣ ለካሜራ ብዙም አያገባቸውም። ኤችሲና ኤክስሲ የሚሉት ደግሞ የመያዣ አቅም ናቸው፤ የመጀመሪያው እስከ 32 ጊጋባይት፣ ሁለተኛው ከዚያ በላይ እስከ 2 ቴራባይት። ስለ ፍጥነት ምንም አይሉም።

እርግጥ ምልክት ቀለም ነው፣ ማንም ሊያትመው ይችላል። 16 ጊጋባይት የሆነን ካርድ «128 ነኝ» እንዲል አድርጎ መሸጥ የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ ካሜራው ያምነዋል፣ ከ16 በኋላ የሚጻፈው ግን ይጠፋል። ኤፍ3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም ካርዱን እስከ አፉ በሚታወቅ መረጃ ይሞላና መልሶ ያነብበዋል፤ የሐሰት ከሆነ እዚያ ላይ ይያዛል፣ የመጻፍ ፍጥነቱንም ይነግራችኋል።

እኔ አሁን አዲስ ካርድ ስገዛ ከኤፍ3 በኋላ ካሜራው ውስጥ ራሱ ፎርማት አደርገዋለሁ፤ ሰሌዳዎቹ ሁሉ ነፃ መሆናቸውን ተቆጣጣሪው እንዲያውቅ። ከዚያ በሚያስፈልገኝ ጥራት እስኪሞላ ድረስ የቤታችንን ግድግዳ እቀርጻለሁ። እናቴ ምን እያደረግህ ነው ስትለኝ የአያትን ምርቃት እላታለሁ። የልጁ ክርስትና በቅርቡ ነው፤ አያቴም መምጣታቸው አይቀርም።