አደይ ወይስ መጭ?

በየዓመቱ ዕንቍጣጣሽ ባለፈ ሳምንት፥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢጫ አበባ ይዞ ወደ ዕፅዋት መዝገብ ክፍላችን ብቅ የሚል ተማሪ አይታጣም፤ ጥያቄውም ዘወትር፥ «ይህ አደይ ነውን?» የሚል ነው። እኔም ከመመለሴ በፊት ዓይኔን ከአበባው አንሥቼ ወደ ቅጠሉ አወርዳለሁ፤ በዚህ ወራት አደይም፥ መጭም፥ ኑግም አንድ ዓይነት ወርቀ ዘቦ ለብሰው በደጋው ስለሚቆሙ፥ ኅብራቸው ብቻውን የታመነ ምስክር ሊሆን አይችልምና። ሦስቱም የሱፍ ዘመዶች ናቸው፤ እኛ አንድ አበባ የምንለውም በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ነው፤ በዙሪያው ምላስ መስለው የተዘረጉትም፥ በመካከሉ የታጨቁትም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው።

ቅጠላቸው ግን ይለያቸዋል። የአደይ ቅጠል እንደ ላባ በጥልቀት የተሰነጣጠቀ ሲሆን፥ የመጭና የኑግ ሳይሰነጠቅ ሰፋ ብሎ ያለ አንገት ግንዱን ያቅፋል።

ይህን መጽሐፍ ብቻ አላስተማረኝም። በጀማሪነቴ ዘመን ራሱን ብቻ ቀንጥሼ ያመጣሁትን አበባ አደይ ብዬ በመዝገብ አሰፈርሁ፤ በኋላ ወደዚያው መስክ ብመለስ፥ ጤፋቸውን ያርሙ የነበሩ አንድ አረጋዊ ገበሬ ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው አሸት አድርገው፥ «ልጄ፥ እንዲህ የሚሻክረው መጭ ነው» አሉኝ፤ አፍሬም ጽሕፈቴን ሰረዝሁ።

የመጨረሻው ዳኛ ግን ፍሬው ነው። መስከረም 26 ቀን የገባው ዘመነ ጽጌ ኅዳር 5 ቀን ወደሚፈጸምበት ሲቃረብ፥ የመስኩ ወርቅ ይረግፍና በየራሱ ላይ ፍሬው ይታያል። የአደይ ፍሬ ጠፍጣፋ፥ ዳሩ እንደ ክንፍ የሰፋ፥ ብዙ ጊዜም በጫፉ ሁለት ሹል ጥርሶች ያበቀለ ነው፤ ሊቃውንት ወገኑን በላቲን «ቢደንስ»፥ ማለት ባለ ሁለት ጥርስ፥ በደጋችን እጅግ የታወቀውን አደይ ደግሞ በጽርዕ ቃል «ማክሮፕቴራ»፥ ማለት ባለ ታላቅ ክንፍ ብለው የሰየሙት ስለዚህ ነው። የመጭና የኑግ ፍሬ ግን ጥርስም ክንፍም የሌለው፥ ልሙጥና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ኑግ ወቅጦ ዘይቱን ያወጣ ሁሉ ይህን ያውቃል።

አደይ የሚለው ስም ራሱ ከአንድ የሚበልጡ ዘመዳሞችን ያቅፋልና፥ መስፍን ታደሰ በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቢደንሶች ያሳተሙትን ድርሳን የሚገልጥ ሰው፥ ለአንድ ስም ስንት ምርመራ እንደሚያስፈልግ ይረዳል።

ስለዚህ አበባ ይዛችሁ የምትመጡ ወዳጆቼ፥ ራሱን ብቻ አትቅጠፉ፤ ግንዱን ከነቅጠሉ አምጡ፤ ያያችሁበትንም ስፍራ ምልክት አድርጋችሁ በጥቅምት ማለቂያ ፍሬውን ይዛችሁ ተመለሱ።