የታዳጊዎች ቡድን መዝገብና የተጫዋቹ ምስጢር

(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ሞጆን፣ መቂንና ባቱን አልፈው ወደ ሐዋሳ ሲወርዱ፣ ከባቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዙ አዳሚ ቱሉ የምትባለውን ከተማ ያገኛሉ። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ እንደ ማለት ነው። ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ በዚያው አካባቢ ያልፋል፤ በመስኖም ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። የቀኑ ሐሩር በረድ ሲል ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በአሠልጣኝ ተመዝግበው፣ በተለምዶ «ፕሮጀክት» በሚባለው የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ይታቀፋሉ። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ኳሱ ሳይሆን፣ አሠልጣኙ በብብቱ ይዞት ስለሚዞረው መዝገብ ነው።

ይህ መዝገብ ሲገለጥ ምን ይገኝበታል? የልጁ ስም ከነአባቱ፣ የሚኖርበት ቀበሌ፣ የእናቱ ስልክ ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ ቁመቱና ክብደቱ፣ ያገባቸው ግቦች፣ የታየበት ቢጫ ካርድ፣ የሩጫው ሰዓት፣ ከልምምድ የቀረባቸው ቀኖች፣ የደረሰበት ጉዳት ይገኝበታል። በዳር በኩል ደግሞ በእርሳስ «አስም አለበት» ወይም «የሚጥል በሽታ አለባት» የሚል ማስታወሻ ተጽፎ ይሆናል። ይህ ሁሉ በሰማያዊ ቀለም በደብተር ላይ ተጽፎ በነበረበት ዘመን ከአሠልጣኙና ከሣጥኑ በቀር የሚያየው አልነበረም። ዛሬ ግን ገጹ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣና ስልሳ ሰው በሚገኝበት የቴሌግራም ማኅበር ላይ ይለጠፋል፤ ስልሳው ሰው ማን ማን እንደ ሆነ ግን ማኅበሩን ያቋቋመው ሰው እንኳ አጣርቶ አያውቅም።

ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት ከቅርቡ ልጀምር። በመከርና በሽንኩርት ለቀማ ወራት ብዙ ታዳጊ ቤተሰቡን ለመርዳት ወደ ማሳ ይወርዳል። በመዝገቡ ላይ የሚታየው ግን «ቀረ፣ ቀረ፣ ቀረ» የሚል ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ልጁን ሰነፍ ይለዋል። እንግዲህ ምክንያቱም አብሮ ይጻፍ ቢባል ሌላ ችግር ይመጣል፤ የልጁ ቤት ችግር ለጓደኞቹ ወላጆች ሁሉ ተነገረ ማለት ነውና። ስለዚህ መቅረቱን ማወቅ የሚገባው ቡድኑን የሚያሰልፈው ሰው ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ የሚገባው ደግሞ ከልጁ ጋር ተነጋግሮ የልምምዱን ሰዓት ሊያስተካክልለት የሚችለው አሠልጣኝ ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ መጻፋቸው ራሱ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ይከፋል። የጎበዝ ተጫዋች ስም፣ ዕድሜና የእናቱ ስልክ ቁጥር በአንድ መስመር ተጽፎ በአደባባይ ሲገኝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደውለው ደላላ ነው። «ልጅሽን ውጭ አገር ወስጄ ክለብ አስገባዋለሁ፤ ለጉዳዩ ማስፈጸሚያ ይህን ያህል ብር ላኪልኝ» ይላታል። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ዕድሜው 18 ያልሞላ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በዝውውር ደንቡ አንቀጽ 19 ከልክሏል። ይሁን እንጂ አንዲት እናት ይህን አንቀጽ በምን ታውቀዋለች? ደላላው የልጇን የግብ ብዛት በቃሉ ሲነግራት፣ በእርግጥ ከክለብ የመጣ ሰው ይመስላታል። አመኔታዋን ያገኘውም ከቡድኑ መዝገብ በወጣው ቁጥር ነው።

ሦስተኛውን ከራሴ ትዝታ ልንገርዎ። በተማርሁበት ትምህርት ቤት አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የሁላችንንም ክብደት በሚዛን ከለካ በኋላ በሰልፍ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራውን የሠራ መስሎት ነበር። ከእኛ መካከል ግን አንዱ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሜዳው አልተመለሰም፤ ያ ልጅ ከሁላችንም ይልቅ ኳስ የሚወድ ነበር።

እንግዲያስ መዝገቡ ይቅር ማለቴ ነውን? አይደለም። መዝገብ የሌለው አሠልጣኝ በጭፍን የሚሠራ ነው። ጥያቄው ማን የቱን ገጽ ያያል፣ ማንስ ይጽፍበታል የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ፈቃድ የሚሰጠው ለማዕረግ ወይም ለዝምድና ሳይሆን ለሥራ ነው። ዋናው አሠልጣኝ ሁሉን ቢያይ ተገቢ ነው፤ ልጁ በሜዳ ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው እርሱ ነውና። ረዳቱ የልምምዱንና የጨዋታውን ገጽ ይጽፋል። ወጌሻው ጉዳቱንና ሕመሙን ማወቅ አለበት፤ ልጁ ስንት ጊዜ ከልምምድ እንደ ቀረ ግን ለማሸት አይጠቅመውም። ትጥቅ ያዡ የማልያና የጫማ ቁጥር ይበቃዋል። ገንዘብ ያዡም ማን እንደ ከፈለ ብቻ ይመዝግብ፤ ማን መክፈል እንዳቃተው ለሌላው መናገር የእርሱ ሥራ አይደለም። ፎቶግራፍ ሊያነሣ በፈቃዱ የመጣው ወጣት ደግሞ ከመዝገቡ ምንም ገጽ አያስፈልገውም።

በወረቀት ላይ ይህ ቀላል ነው። በአገራችን የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። ለቡድኑ ማልያ የገዙ አንድ የተከበሩ የከተማው ሰው መጥተው «እስቲ መዝገቡን አሳየኝ፣ ልጄ፤ የትኛው ጎበዝ እንደ ሆነ ልየው» ቢሉ፣ አሠልጣኙ እንዴት አድርጎ እምቢ ይላል? ማልያውን ለብሶ ፊት መንሣት ነውር ይመስላል። መፍትሔው የውድድሩ ዓመት ሳይጀመር ደንቡን ጽፎ፣ ወላጆችና የቡድኑ መሪዎች ባሉበት አንብቦ ማጽደቅ ነው። ያን ጊዜ አሠልጣኙ «ጋሼ፣ የጨዋታውን ውጤት እነሆ፤ የቀረውን ግን ደንቡ ለማንም እንዳሳይ አይፈቅድልኝም» ሊል ይችላል። የከለከለው ደንቡ ስለ ሆነ ሽማግሌውም አይቀየሙም።

ማየትና ማረም ሁለት የተለያዩ ሥልጣኖች መሆናቸውንም ማስተዋል ይገባል። በስልክና በኮምፒዩተር የሚዘጋጁት የጋራ ሰንጠረዦች ይህን ይለያሉ፤ ለአንዱ ማየት ብቻ፣ ለሌላው አስተያየት መጻፍ፣ ለሦስተኛው ማረም ይፈቀዳል። ማን መቼ ምን እንደ ለወጠም የኋላ ታሪኩ ይገኛል። በቴሌግራምም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ ለሚሾማቸው አስተዳዳሪዎች ሥልጣናቸውን በየስሙ ይከፍላል፤ አንዱ መልእክት ይሰርዝ፣ ሌላው አዲስ ሰው ያስገባ ብሎ ሊወስን ይችላል። አዲስ የገባ ሰው የቀድሞውን መልእክት እንዳያይ ማድረግም ይቻላል። ይህ ሁሉ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሳይነካ የሚቀረው ማኅበሩን ያቋቋመው ሰው ሁሉንም በአንድነት አስተዳዳሪ ብሎ ስለሚተወው ነው።

የማረም ሥልጣን ለምን ለጥቂቶች ብቻ እንደሚገባ አንድ የእኛን አገር ምሳሌ ልጥቀስ። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. ዕድሜው ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነው። የልደቱ ዘመን ግን በውጭ አገር አቆጣጠር በተሠራ ሰንጠረዥ ላይ ሳይለወጥ «2003» ተብሎ ቢገባ፣ ልጁ በአንድ ቀን ሃያ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ከ17 ዓመት በታች ለሚደረግ ውድድር ሲቀርብም አጭበርባሪ ተብሎ ይመለሳል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራውን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለ ሆነ፣ ብዙ ታዳጊዎች በተወለዱበት ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት አልወጣላቸውም፤ ስለዚህ የዕድሜ ጥያቄ ቀድሞውኑ ቀላል አይደለም። ይህን ገጽ የሚያርም አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ያም ሁለቱን አቆጣጠር የሚያውቅ ይሁን። የምስክር ወረቀቱንና የፋይዳ ቁጥሩን ፎቶግራፍ አንሥቶ ማኖርም አያስፈልግም፤ ዋናውን አይቶ፣ «ታይቷል» ብሎ ቀኑን ጽፎ ለወላጁ መመለስ ይበቃል።

ስለ ጨዋታው ቁጥሮች ደግሞ ጥቂት ልበል። የግብ ብዛት ምስጢር አይደለም፤ ሜዳው ዳር የቆመው ሁሉ አይቶታል። ነገር ግን የሩጫ ሰዓትን፣ ክብደትንና ቁመትን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተርታ አድርጎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው። በዐሥራ ሦስትና በዐሥራ አራት ዓመት አንዱ ልጅ አድጎ ጨርሷል፤ ሌላው ገና አልጀመረም። በዚያ ዕድሜ የሚለካው ሰዓት ከችሎታው ይልቅ የአጥንቱን ዕድገት ይናገር ይሆናል። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ስሙን ካየ፣ ዕድገቱ ከመድረሱ በፊት ሜዳውን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ያለፈ ሰዓት ከዛሬው ጋር አስተያይቶ ለእርሱ ብቻ ማሳየት ይሻላል። ይህ የልጆች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። በብሪታንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ850 በላይ ተጫዋቾች «የጨዋታ ቁጥሮቻችን ያለ ፈቃዳችን ለንግድ ይውላሉ» በማለት በኩባንያዎች ላይ ክስ ለማቅረብ ተነሥተዋል። ደመወዝተኛው ተጫዋች ቁጥሬ የእኔ ነው ካለ፣ የአዳሚ ቱሉው ልጅ ይህን ለማለት ማን ይናገርለት?

ሕጉ ይናገርለታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. የጸናው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲይዘው ያዛል፤ የጤናን ነገርም የበለጠ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የመንደር ቡድን ትንሽ ነው ተብሎ የልጆቹ መብት አያንስም።

የወላጅ ፈቃድ ሲጠየቅ ወላጁ በሚሰማው ቋንቋ ይጠየቅ። በአዳሚ ቱሉ ወረቀቱ በኦሮምኛም ሊጻፍ ይገባል፤ ማንበብ ለማይችለውም ጮክ ብሎ ይነበብለት። ምን እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያየው፣ እስከ መቼ እንደሚቀመጥ ይነገረው። ወላጁ የልጁን ገጽ ላሳይ ባይባልም እንኳ፣ ልየው ሲል ሊያይ ይገባዋል፤ የሌላውን ልጅ ገጽ ግን አያይም። በአሜሪካ የስፖርተኞችን ደኅንነት የሚጠብቀው ሴፍስፖርት የተባለው ድርጅት፣ አሠልጣኝ ለታዳጊ ለብቻው መልእክት እንዳይልክ፣ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ እንዲያየው ያደርጋል። ይህ ለእኛም የሚሆን ነው፤ በተለይ ለሴቶች ቡድን። የተጫዋቿ ስልክ ቁጥር ከመዝገቡ ወጥቶ በማታ «እንዴት ነሽ» የሚል መልእክት ሲመጣባት፣ ብዙ ጊዜ ለቤተሰቧ ሳትናገር ኳሱን ትተዋለች፤ አሠልጣኙም ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ረዳት አሠልጣኙ ሥራውን ለቅቆ ወደ አዳማ ወይም ወደ ሻሸመኔ ቢሄድ፣ በዚያው ቀን ከአስተዳዳሪነቱ ይነሣ፤ የሰንጠረዡ የይለፍ ቃልም ይለወጥ። ይህ እርሱን መጠርጠር አይደለም፤ የጽሕፈት ቤት ቁልፍ እንደ መመለስ ያለ ነው። ልጁ ወደ ሌላ ቡድን ሲዛወርም አዲሱ አሠልጣኝ ስለ ጉዳቱ ማወቅ ካስፈለገው፣ ወላጁ ፈቅዶ ያ አንድ ገጽ ብቻ በእጅ ይሰጠው። የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ ደግሞ የጨዋታዎቹ ውጤት ለታሪክ ይቀመጥ፤ የሕመሙና የስልክ ቁጥሩ ገጽ፣ ልጁ ከቡድኑ ከወጣ፣ የቡድኑ መሪና አንድ ወላጅ ባሉበት ይቀደድ፤ በስልክ ያለውም ይሰረዝ።