ክረምቱን የት ነበርክ?

ጠዋት ራውንድ ላይ ተማሪው ካርዱን ይዞ ታማሚውን ያቀርባል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ዋና ሕመም፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ታማሚው አልጋው ላይ ሆኖ ከአንዳችን ፊት ወደ ሌላችን ዓይኑን ያንከራትታል። ስለ እሱ እንደሚወራ ያውቃል፤ ምን እንደተባለ ግን አያውቅም። በአገራችን ሐኪም የሚሠለጥነው እንዲህ ነው፤ እኔም እንዲሁ ነው የሠለጠንኩት።

በቀደም የቀረበልን ወጣት ከዳባት አካባቢ የመጣ ነው። ወር ያለፈው ትኩሳት፣ የከሳ ሰውነት፣ ከጎድኑ ሥር ወጥቶ በእጅ የሚዳሰስ ጣፊያ። ተማሪው በደንብ መርምሮታል። ነገር ግን አድራሻው ደጋ ስለሆነ የቆላውን በሽታ ካላዛርን ብዙም አልጠረጠረም። ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ኑሮው እንዲጠይቀው ነገርኩት። «ወንድሜ፣ ክረምቱን የት ነበርክ?» ልጁ መጀመሪያ እናቱን አየ። መተማ ሰሊጥ ሲያርም፣ በኋላም ሲያጭድ ነበር የከረመው። ለማዳበሪያ የተበደሩት ዕዳ ነበረባቸው። ማታ ሜዳ ላይ ግራር ሥር ይተኛ ነበር። በዚያ ቆላ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ መኖሪያዋ ግራሩና የተሰነጣጠቀው የዋልካ መሬት ነው። የደም ምርመራው በሽታውን አረጋገጠ።

ከሰሜን ጎንደር ደጋ ወደ መተማና ሑመራ ለሥራ የሚወርደው ወጣት ብዙ መሆኑን ተማሪው ያውቃል፤ የገዛ ዘመዶቹም ይወርዳሉ። ግን ይህን እውቀቱን ይዞ ወደ ዋርድ እንዲገባ ማንም አልነገረውም።

በሌላው ዓለም ሥነ ጽሑፍን፣ ታሪክንና ፍልስፍናን ከሕክምና ጋር አዋህዶ ማስተማር ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኗል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሟ ሪታ ቻሮን የታማሚን ታሪክ እንደ ድርሰት በጥሞና ማንበብን ታስተምራለች። አዲስ አበባ የተወለደው ሐኪምና ደራሲ አብርሃም ቬርጌሴም ስታንፎርድ ሆኖ ሐኪሞች ወደ ታማሚው አልጋ እንዲመለሱ ይወተውታል። ይህ ትምህርት ለእኛም ያስፈልገናል እላለሁ፤ የሚነበበውንና የሚጠናውን ግን ከዚያ መገልበጥ የለብንም።

እኔ የማስተምርባት ጎንደር የራሷ አላት። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ ሲከፈት፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ የወረደው የወባ እልቂት ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የንጽሕና ባለሙያው አንድ ቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይሄዱ ነበር። ጉድጓድ ውኃውንና የቤቱን ጭስ በዓይናቸው ያዩ ነበር። ይህ የቡድን ሥልጠና እስከ ዛሬ አለ፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጥ ቅርሳችን ነው። ታሪክ ከተፈለገም፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 እ.ኤ.አ. ዐፄ ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም የመጣው እዚሁ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ቁስቋም ቤተ መንግሥት ውስጥ በፈንጣጣ የታመሙትን አክሟል። አራዳ ገበያ ወርዶ ታማሚው እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ምን ቅጠል፣ ምን ሥር ገዝቶ እንደወሰደ መጠየቅም ትምህርት ነው።

ከሁሉ የከበደው ጠበል ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን አቋርጦ ጠበል ሊገባ የተነሣን ሰው የሚቆጣ ተማሪ፣ ያን ሰው ዳግመኛ አያገኘውም። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ያ ንግግር ለምን ያን ያህል ሰው እንደደረሰ ተማሪዎቼ ቁጭ ብለው ቢወያዩበት፣ ስለ ምክር አሰጣጥ ከማነብላቸው ስላይድ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ጊዜ የለም የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ እውነት አላቸው፤ የተመላላሹ ሰልፍ ከበር ውጭ ነው። ሆኖም ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተንበትን ነው። ስለዚህ በአልጋ ዳር ፈተናዬ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ፦ በሽታውን፣ የሕክምናውን ርዝመትና ከእርሻ የሚያስቀረውን ጊዜ ለታማሚውና ለአስታማሚው በአማርኛ አስረዳ፤ ከዚያም የገባቸውን ጠይቀህ መልሳቸውን በራሳቸው ቃል ጻፍልኝ።